የገዛነውን ዕቃ ማን ይገዛዋል?

በቋንቋችን «መግዛት» የሚለው ቃል ከአንድ በላይ ሥራ ይሠራል። ዕቃን በገንዘብ ለውጦ የራስ ማድረግ መግዛት ነው፤ አገርንና ሕዝብን በሥልጣን ሥር አድርጎ ማስተዳደርም መግዛት ነው። ከገበያ በቅሎ ዋጋ ከፍሎ የወሰደ ሰው ገዥ ይባላል፤ በጠቅላይ ግዛት ላይ የተሾመ መኰንንም ገዥ ይባል ነበር። ከዚህም አልፎ ለሰው እጅግ ቅርብ የሆነውን ነገር ስንገልጽ «የገዛ እጁ»፥ «የገዛ ልጁ»፥ «የገዛ ቤቱ» እንላለን። የቃሉን የዘር ሐረግ መመርመር የሊቃውንት ፋንታ ነው። እኛን የሚያሳስበን ግን እነዚህ ነገሮች በአንድ ቃል ሲጠሩ ተናጋሪው ሁሉ ሳያስበው የሚቀበለው እምነት ነው፤ ይኸውም ዋጋውን የከፈለ ሰው በዕቃው ላይ ያዝዝበታል፥ የሚያዝዝበትም ነገር የገዛ ራሱ ይሆናል የሚለው ነው።

ይህ እምነት ስለ በቅሎ፥ ስለ ማረሻ ወይም ስለ ወንበር ሲነገር አንዳች ክርክር አያስነሣም። በቅሎ የገዛ ሰው፥ ሻጩ በሌሊት መጥቶ ኮርቻዋን ሲለውጥ አያገኘውም፤ በየትኛው መንገድ እንድትሄድና በየትኛው እንዳትሄድም ሻጩ አይወስንበትም። በዘመናችን ግን ከዕቃዎች ሁሉ ይልቅ ለሰው የቀረበው፥ ከኪሱና ከትራሱ ሥር የማይለየው፥ ምስጢሩን፥ ደብዳቤውንና ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት ስማርት ስልክ፥ መግዛትና መግዛት የተለያዩበት ዕቃ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኩን የገዛ ሰው ከፋብሪካው ተጭነው ከመጡት መተግበሪያዎች አንዳንዶቹን ላጥፋ ቢል አይቻለውም። ስልኩን በሚያንቀሳቅሰው መሠረታዊ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን አንድ ፋይል ልለውጥ ቢልም ፈቃድ የለህም የሚል መልስ ያገኛል። መልሱ ትሕትና የተሞላበት ነው፤ ግን አንድ ጥያቄ ያስከትላል። ዋጋውን የከፈለው ሰው ፈቃድ ከሌለው ፈቃዱ ያለው ማን ነው? ይህን የበላይ ፈቃድ በራስ እጅ ማድረግ በአንድሮይድ ስልክ «ሩት ማድረግ» ሲባል፥ በአይፎን ደግሞ «ጄይልብሬክ» ይባላል፤ ትርጕሙም ወኅኒ ቤት ሰብሮ መውጣት ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ክርክሩን ገና በስያሜው ጀምረውታል፤ ሻጩ አጥር የሚለውን እነርሱ ወኅኒ ብለውታልና። እኛም በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምንፈልገው፥ ይህን የሚያደርግ ሰው መብቱን መጠቀሙ ነው ወይስ የሌላውን አጥር መጣሱ ነው የሚለውን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልንባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የበላይ ተጠቃሚ የሚባለው ሐሳብ ከስማርት ስልክ በብዙ ይቀድማል። በ1969 በአሜሪካ፥ በቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ «ዩኒክስ» የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት መሥራት ጀመሩ። በዚያ ዘመን አንድ ኮምፒዩተር የብዙ ሰዎች የጋራ መሣሪያ ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ቁጥርና የራሱ ክፍል ተሰጥቶት፥ አንዱ ከሌላው ክፍል ገብቶ እንዳይበረብር ተከለከለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁጥሩ ዜሮ የሆነ አንድ ተጠቃሚ ተሠየመ። እርሱ የማይከፍተው በር፥ የማያነበው ደብዳቤ፥ የማይሰርዘው ፋይል የለም። ስሙም ሩት፥ ማለትም ሥር ተባለ፤ ፋይሎቹ ሁሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚነሡበት ሥፍራም በዚሁ ስም ይጠራል። ይህ አደረጃጀት ለጊዜው ፍትሐዊ ነበር። ኮምፒዩተሩ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፤ ሩት የሆነውም ሰው ለዚያ መሥሪያ ቤት ተጠያቂ የሆነ አስተዳዳሪ ነው፤ የቀሩት በእንግድነት የሚገለገሉ ናቸው።

በ1991 የፊንላንድ ተወላጅ የሆነው ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ፥ የዩኒክስን አሠራር የተከተለውን «ሊኑክስን» ሠራ። ዛሬ በአንድሮይድ ስልክ ሁሉ ውስጥ መሠረት ሆኖ የሚሠራው ይኸው ሊኑክስ ነው። ነገር ግን አንድሮይድ የጥንቱን ሥርዓት ሲወርስ ትርጕሙን ለወጠው። በአንድሮይድ ዘንድ እያንዳንዱ መተግበሪያ እንደ አንድ ተጠቃሚ ተቈጥሮ የራሱ ቁጥርና የራሱ ክፍል ይሰጠዋል፤ የልጆች መጫወቻው የባንኩን ማኅደር እንዳይከፍት ይህ እጅግ ብልኅ የሆነ ዘዴ ነው። ሆኖም ቁጥር ዜሮ የተቀመጠበትን ወንበር ስንመለከት፥ ለመተግበሪያዎች ሁሉ ማዕርግ ሲሰጥ፥ ገንዘቡን ለከፈለው ሰው የባለቤትነት ወንበር እንዳልተዘጋጀለት እናያለን። ጥንት አስተዳዳሪው በቦታው ይገኝ ነበር፤ ሰላምታም ይለዋወጡ ነበር። የስልኩ አስተዳዳሪ ግን ውቅያኖስ ማዶ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን የአንድሮይድ ስልክ ታሪክ ማስታወስ ይገባል። «ጂ ዋን» የተባለው ይህ ስልክ በ2008 በጥቅምት ወር ለገበያ ወጣ። በሚቀጥለው ወር አንድ አስቂኝ ጕድለት ተገኘበት። ባለስልኩ በፊደል ገበታው የሚጽፈው ቃል ሁሉ፥ ለወዳጁ የሚልከው መልእክት እንኳ ቢሆን፥ በስውር ወደ ሩት እንደ ትእዛዝ ይደርስ ነበር። ስለዚህ «እንደገና ተነሥ» የሚል ትርጕም ያለውን «ሪቡት» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ መስመር ላይ ለብቻው የጻፈ ሰው፥ ስልኩ ወዲያው ጠፍቶ ሲነሣ ያይ ነበር። ባለስልኮች ሁሉ ለጥቂት ሳምንታት ሳያውቁት በስልካቸው ላይ ነገሥታት ሆነው ሰነበቱ ማለት ነው። ጕግል ጕድለቱን ዘጋው፤ መዝጋቱም ትክክል ነበር፤ በወዳጅ ደብዳቤ የሚታዘዝ ማሽን ለማንም አይበጅምና። የሚያስደንቀው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ብዙ ሰዎች የተሻሻለውን ፕሮግራም ከስልካቸው አውጥተው፥ ጕድለት ያለበትን የቀድሞውን መልሰው ጫኑ። በዚያ ቀዳዳ ገብተው የበላይነቱን ለመያዝ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም።

ሰው የገዛ ቤቱን ለመግባት የግድግዳውን ስንጥቅ የሚመኝ ከሆነ፥ በዚያ ቤት ሕግ ላይ አንድ የተዛባ ነገር ይኖራል።

ወደ ሕግ እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1204 ባለሀብትነት በግዙፍ ዕቃ ላይ ሊኖሩ ከሚችሉ መብቶች ሁሉ የሰፋው መሆኑን ይደነግጋል፤ ይህም መብት ሕግ ባዘዘው ካልሆነ በቀር ሊከፋፈልም ሊወሰንም እንደማይችል ያስረዳል። ሕጉ የተጻፈው ስለ ስልክ አይደለም፤ ቢሆንም ስልክ ግዙፍ ዕቃ መሆኑን የሚክድ የለም። የሻጩ መልስ ግን ዝግጁ ነው። መስተዋቱ፥ ብረቱና ባትሪው ያንተ ነው፤ በውስጡ ያለው ፕሮግራም ግን የደራሲው ሀብት ነው፤ እንድትገለገልበት ፈቀድንልህ እንጂ አልሸጥንልህም ይላል።

ይህ ዓይነት ክርክር ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የመሬት ሥርዓት በብዙ ቦታ በአንድ መሬት ላይ ሁለት መብት ነበረ። ባለርስቱ ያርሳል፥ ለልጁም ያወርሳል፤ ባለጉልቱ ደግሞ ከዚያው መሬት ግብር ይቀበላል። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በ1967 ዓ.ም. ከታወጀ ወዲህ ይህ የታሪክ ነገር ሆኗል። ሆኖም ባለርስቱ ባለጉልት ከበላዩ መኖሩን፥ ስሙንም፥ የግብሩንም ልክ ያውቅ ነበር። የስልክ ገዥ ግን ሙሉውን ዋጋ ከፍሎ፥ ደረሰኙን ተቀብሎ፥ ባለርስት ነኝ ብሎ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው ጉልቱ በሌላ እጅ እንደ ቀረ የሚገነዘበው። ውሉ ማንም እስከ መጨረሻው በማያነበው ረጅም ጽሑፍ ተዘርዝሮ «እስማማለሁ» በምትል አንዲት ቃል ይጸድቃል፤ አልስማማም ያለም ሰው በኪሱ ብርጭቆና ብረት ይዞ ይቀራል።

የዚህ ሥልጣን መጠን የታየበት አንድ ቀን አለ። በ2009 በሐምሌ ወር የአማዞን ኩባንያ፥ ስልክ ባይሆንም በዚሁ ዓይነት ሥርዓት በሚተዳደረው «ኪንድል» በተባለው የመጽሐፍ ማንበቢያ ላይ ደንበኞቹ ገዝተው ያስቀመጧቸውን የጆርጅ ኦርዌልን መጻሕፍት ከሩቅ ሆኖ አጠፋቸው። ከጠፉት አንዱ «1984» የተባለው፥ መንግሥት የተጻፈውን እየሰረዘ የሚኖርበትን ዓለም የሚተርከው ልብ ወለድ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ምፀት ደራሲ ቢፈጥረው አንባቢ በዛ ይለው ነበር። በርግጥ ኩባንያው ምክንያት ነበረው። መጻሕፍቱን ያቀረበው ወገን የማሳተም መብት አልነበረውም፤ ገንዘቡም ለገዥዎቹ ተመልሷል፤ የኩባንያው መሪ ጄፍ ቤዞስም በአደባባይ ይቅርታ ጠይቋል። ነገር ግን አንድ መጽሐፍ ሻጭ በሌሊት የደንበኛውን ቤት በተመሳሳይ ቁልፍ ከፍቶ፥ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርዶ፥ ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ቢሄድ ባለቤቱ በማግሥቱ የሚሄደው ገንዘቡን ለመቍጠር ሳይሆን ቍልፉን ለማስለወጥ ነው።

ክፋት በሌለበትም ቦታ ይህ የቍልፍ ነገር ሰውን እንደሚጐዳ የሚያሳይ ለእኛ የቀረበ ምሳሌ አለ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ በ1999 ገብቷል። ሆኖም ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቈይተው የወጡት የመጀመሪያዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ፊደላችንን ይዘው አልመጡም። የአማርኛ ወይም የትግርኛ መልእክት ሲደርሳቸው በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ይደረድሩ ነበር። የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል በነጻ የሚገኝ ነበር፤ መጠኑም ትንሽ ነው። ነገር ግን የሚቀመጥበት ቦታ የሥርዓቱ የፊደል ማኅደር ነበረና፥ እዚያ ለመጻፍ የሩት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን የሚኖር ሰው የእናቱን ደብዳቤ በገዛ ፊደሉ ለማንበብ ሲፈልግ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ወይ ቍልፉን መስበር፥ ወይ አምራቹ እስኪያስታውሰው ድረስ መጠበቅ። በኋላ በወጡት ስልኮች ላይ ፊደሉ ገብቷል፤ ዛሬ ወጣቶች ያን ጊዜ አያስታውሱትም። ግን ነገሩን ስናስበው፥ ስልኩን የሠሩት መሐንዲሶች የእኛን ፊደል አልጠሉትም፤ አላሰቡትም እንጂ። ማንም ሠሪ የሁሉን ሰው ችግር አስቀድሞ ሊያስብ አይችልም፤ በዚህ አይወቀስም። የሚወቀሰው እርሱ የረሳውን ሌላው በገዛ እጁ እንዳይሞላ በሩን ሲዘጋ ነው። አናጢ አንድ ቤት ሲሠራ መስኮት ቢረሳ ባለቤቱ ሌላ አናጢ ይጠራል።

እስካሁን የተናገርነው ለባለቤቱ ያደላ ነው። የተቃራኒውን ወገን ክርክር በቀላሉ አልፎ መሄድ ግን ፍርድን ያጎድላል፤ ክርክሩ ከባድ ነውና።

በ2011 በመጋቢት ወር ከራሱ ከጕግል የመተግበሪያ መደብር ከ50 በላይ የሚሆኑ መተግበሪያዎች በውስጣቸው ሌባ ይዘው ተገኙ። «ድሮይድ ድሪም» የተባለው ይህ ተንኰል፥ ባለስልኮች ራሳቸው ስልካቸውን ሩት ለማድረግ በሚገለገሉባቸው ቀዳዳዎች ገብቶ የበላይነቱን ይይዝና የስልኩን መለያ ቁጥርና ሌላም ምስጢር ወደ ውጭ ይልክ ነበር። ጕግል ተንኰለኞቹን መተግበሪያዎች ከመደብሩ ብቻ ሳይሆን ከሰዎቹ ስልክ ላይም ከሩቅ ሆኖ አጠፋቸው። ይህ ከሁለት ዓመት በፊት አማዞን መጻሕፍቱን ያጠፋበት ሥልጣን ዓይነት ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ያመሰገነው እንጂ የነቀፈው ጥቂት ነው። በ2016 በነሐሴ ወር ደግሞ በተባበሩት የዓረብ ኤሚሬቶች ለሚኖር አሕመድ ማንሱር ለተባለ የሰብአዊ መብት ተሟጋች አንድ አጭር መልእክት ደረሰው። ሰውየው ጠርጥሮ በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ለሲቲዝን ላብ መርማሪዎች አስተላለፈው። እነርሱም መልእክቱ የያዘውን ማያያዣ ቢነካው ኖሮ አይፎኑ ባለቤቱ ሳያውቅ ጄይልብሬክ ሆኖ የሰላዮች ጆሮ ይሆን እንደ ነበር አረጋገጡ። አንዱ ወገን አርነት ብሎ የሚጠራው ሥራ በሌላው እጅ ሲገባ የስለላ መሣሪያ ሆነ። በዚያው ዓመት በሊኑክስ ውስጥ ከ2007 ጀምሮ ተሸሽጎ የቈየ «ደርቲ ካው» የተባለ ቀዳዳ ሲገለጥም፥ ባለቤቱም ሌባውም እኩል ሮጠውበታል።

ስለዚህ የቍልፉ ጠበቆች እንዲህ ይላሉ። አብዛኛው ባለስልክ የኮምፒዩተር ሊቅ አይደለም። የበላይነቱን በእጁ ብንሰጠው ለአታላይ አሳልፎ ይሰጠዋል። በስልኩ ውስጥ ያለውም የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የወዳጆቹ ሥዕል፥ የዘመዶቹ ምስጢር፥ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አለበት። እኛ ስንጠብቅለት እነርሱንም እየጠበቅን ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ከእውነቱም የሚከተለው ጠንካራ በር ያስፈልጋል የሚለው ነው። ቍልፉ ለማን ይሁን ለሚለው ጥያቄ ግን ገና መልስ አልሰጠም። የበሩ ጥንካሬና የቍልፉ ባለቤትነት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ የሻጮቹ ክርክር ሁልጊዜ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማቅረቡ ነው የሚያጠራጥረን። ጕግል ራሱ በ2010 «ኔክሰስ ዋን» የተባለውን ስልክ ሲያወጣ፥ ባለቤቱ በኮምፒዩተር በሚሰጠው አንድ ትእዛዝ፥ ማስጠንቀቂያውን አንብቦና ኀላፊነቱን ወስዶ፥ ስልኩ ሲነሣ የሚፈተሽበትን «ቡትሎደር» የተባለውን የመጀመሪያ በር እንዲከፍት ፈቅዶለት ነበር። በኋላ በወጡት «ፒክስል» በተባሉት ስልኮች ደግሞ ደንቡ ይበልጥ ታስቦበታል። በሩ ሲከፈት በስልኩ ውስጥ የነበረው የግል ሰነድ ሁሉ ይጠፋል፤ ስልኩም በተነሣ ቍጥር በሩ ክፍት መሆኑን የሚናገር ማስጠንቀቂያ ያሳያል። መጥፋቱ ስልኩን ከመንገድ ያገኘ ሌባ የባለቤቱን ምስጢር እንዳያነብ ነው። ማስጠንቀቂያውም ስልኩን ነገ በሁለተኛ እጅ የሚገዛው ሰው እንዳይታለል ነው፤ ያገለገለ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወርበት፥ ጠጋኙም ለባለቤቱ ሳያስረዳ ፕሮግራሙን በሚለውጥበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በእኛ አስተያየት ይህን ደንብ ያወጣ መሐንዲስ የባለቤትነትን ትርጕም ከብዙ የሕግ ጠበቃ ይልቅ አውቆታል። የሚያሳዝነው ያው ፒክስል በአንዳንድ የቴሌፎን ኩባንያ በኩል ሲሸጥ በሩ እንዳይከፈት ሆኖ መውጣቱ ነው። የአፕል አይፎን ግን እንዲህ ያለ በር ፈጽሞ የለውም።

በር የተሰጠው ሰው ግድግዳ አይሰብርም። ቍልፉ በሕጋዊ መንገድ ለባለቤቱ ቢሰጥ፥ በግድግዳው ውስጥ የተገኘው ቀዳዳ ሁሉ የሌባ ብቻ ይሆናል፤ የሚዘጋውም ሰው ከማንም ዘንድ ወቀሳ አይደርስበትም።

የሆነ ሆኖ ቍልፉን የተቀበለ ሰው ምን ያድርግበት? እዚህ ላይ የቃላችን ሌላው ትርጕም፥ ራስን መግዛት የሚለው፥ ይመጣል። በዩኒክስ ሰዎች ዘንድ የቈየ ልማድ አለ። አስተዳዳሪው የሩት ሥልጣን ቢኖረውም ቀኑን ሙሉ ሩት ሆኖ አይውልም፤ እንደ ማንም ተራ ተጠቃሚ ሆኖ ይሠራል። የበላይነት የሚጠይቅ ሥራ ሲመጣ ብቻ «ሱዱ» በተባለው ትእዛዝ ለዚያች ለአንዲት ሥራ ሥልጣኑን ይለብስና ወዲያው ያወልቀዋል። ምክንያቱም ሩት ሲሳሳት የሚያርመው የለም። በአንድ መስመር ትእዛዝ ውስጥ በስሕተት የገባ አንድ ባዶ ቦታ የማሽኑን ማኅደር በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል፤ ማሽኑም እርግጠኛ ነህን ብሎ ሳይጠይቅ ይፈጽመዋል። ሹመት ለለመደ አንባቢ የዚህን ልማድ ጥበብ ማስረዳት አያስፈልግም። ስልኩን ሩት አድርጎ ሥልጣን ለጠየቀው መተግበሪያ ሁሉ «ይሁን» የሚል ሰውም አርነት አልወጣም፤ ጌታውን ለወጠ እንጂ፤ ምናልባትም ከቀድሞው የከፋ ጌታ አገኘ።

የቍልፉ ጠበቆች ይህን ሲሰሙ፥ እንግዲያው ባይሰጠውስ አይሻልም? ይሉ ይሆናል። ግን እህል ያጣ ሰው ጾመ አይባልም። ሥልጣኑን በእጁ ይዞ የማይጠቀምበት ሰውና ሥልጣኑን የተነፈገ ሰው ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ምንም አይነኩም። የመጀመሪያው ግን ቀን ሲመጣ፥ ፊደሉ ሲጐድል ወይም መጽሐፉ ሲጠፋ፥ ሊነሣ ይችላል። ሁለተኛው ታዛዥነቱ ምርጫ ስላልሆነ አይመሰገንበትም፤ በችግሩም ቀን ከመለመን በቀር መንገድ የለውም።

ልመናው እንዴት እንደሚሆን ለማየት የአሜሪካንን ሕግ ታሪክ በአጭሩ መመልከት ይበቃል። በ1998 የወጣው የዲጂታል ሥራዎች የድርሰት መብት ሕግ፥ የድርሰትን ሥራ የሚጠብቅ ቍልፍን መስበር ከለከለ። ነገር ግን በየ3 ዓመቱ ልዩ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን የምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ለሆነው ሹም ተሰጠ። በዚህም መሠረት ስልክን ጄይልብሬክ ማድረግ በ2010 ተፈቀደ። የስልክ ባለቤቶች አርነት በቤተ መጻሕፍት ሹም እጅ መውደቁ ያስገርማል፤ ከዚህም ይልቅ የሚያስገርመው በ2012 ለስልክ የተፈቀደው ለታብሌት መከልከሉ ነው። መስተዋቱ በጥቂት ጣት የሰፋ ዕቃ የገዛ ሰው የባለቤትነት መብቱ ጠበበ፤ እስከ 2015 ድረስም ጠበቀ። በየ3 ዓመቱ ደጅ እየተጠና የሚታደስ ነገር ስሙ መብት ሳይሆን ምሕረት ይመስለናል።

አሁን ደግሞ በአንድ ነገር ከባለቤቶቹ ወገን እንለያለን። ብዙ የባንክ መተግበሪያዎች ሩት በተደረገ ስልክ ላይ አንሠራም ይላሉ። ባለስልኮቹም መልስ አላጡም፤ በ2016 በወጣው «ማጂስክ» በተባለው ፕሮግራም እየተገለገሉ፥ ስልኩ ሩት ሆኖ ሳለ እንዳልሆነ አድርገው ለባንኩ ያሳዩታል። ሥራው የሚደነቅ ብልኀት አለበት። ቢሆንም ሰው በገዛ ቤቱ ላይ ያለው ሥልጣን ለጐረቤቱ ሐሰት የመናገር ሥልጣንን አይጨምርም። ባንኩ ገንዘብ የሚጠብቅ ሦስተኛ ወገን ነው፤ በምን ዓይነት ስልክ እንደሚነጋገር የመጠየቅ መብት አለው፤ የተጠየቀም ሰው ወይ እውነቱን ይመልሳል ወይ ወደ መስኮቱ ሄዶ በእግሩ ይሰለፋል። ባንኩ ግን የሚጠይቀው የተሳሳተ ጥያቄ ነው። ስልኩ ደኅና ነው ወይ ብሎ በመጠየቅ ፈንታ፥ ስልኩ ዛሬም በአምራቹ ግዛት ሥር ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ለዓመታት የጥበቃ ማሻሻያ ያላገኘ፥ ቀዳዳው የበዛ ስልክ ቍልፉ ስላልተነካ ብቻ ሲያልፍ፥ ባለቤቱ ተግቶ በአዲስ ፕሮግራም ያደሰው ስልክ ከበሩ ይመለሳል። ሐሰቱን ያስከተለው ይህ ነው፤ ሐሰቱን ግን አያጸድቀውም።

የማሻሻያ ነገር ከተነሣ፥ የጠቅላላው ክርክር መፈተኛ እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። አምራቾች ስልካቸውን ለተወሰነ ዘመን ብቻ ይጠብቃሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሁለትና ከሦስት ዓመት አያልፍም ነበር፤ በ2023 ጕግል ከ«ፒክስል 8» ጀምሮ 7 ዓመት እንደሚጠብቅ ቃል ገብቷል። ዘመኑ ሲያልቅ ማሻሻያው ይቆማል፤ ስልኩ ግን ይሠራል፤ መስተዋቱም ባትሪውም ደኅና ነው። ቡትሎደሩ የሚከፈት ከሆነ፥ ፈቃደኞች በኅብረት በሚያዘጋጁት ፕሮግራም ሊታደስ ይችላል። ይህ በ2009 በተጀመረው «ሳያኖጅንሞድ»፥ እርሱም በ2016 ሲቆም በተተካው «ሊንየጅ ኦኤስ» ብዙ ስልኮችን ከሞት ያስነሣ ሥራ ነው። ቡትሎደሩ የማይከፈት ከሆነ ግን ያው ስልክ ቀዳዳው እየበዛ ይሄዳል እንጂ የሚደፍንለት አይገኝም። የቍልፉ ጠበቆች እስከ ዛሬ ያቀረቡት ምክንያት ጥበቃ ነው፤ ዘበኛው በሥራው ላይ እስካለ ድረስ ምክንያቱን ልንቀበለው እንችላለን። ዘበኛው ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ሲሄድ ግን ቍልፉን በኪሱ ይዞ የሚሄድበት ምን ምክንያት አለ? እኛ አላገኘንም። ለአምራቹ የሚቀረው ጥቅም ሰውየው አዲስ ስልክ እንዲገዛ መገደዱ ብቻ ነው፤ ይህም የንግድ ምክንያት እንጂ የጥበቃ አይደለም።

ይህ ነገር ለግል ሰው ብቻ የሚነገር አይደለም። መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ስልክና ታብሌት በጨረታ በብዛት ሲገዙ ስለ ዋጋው፥ ስለ ባትሪው ዕድሜና ስለ ዋስትናው ዘመን ይጠይቃሉ። ማሻሻያው ስንት ዓመት እንደሚቈይና፥ ዘመኑ ሲያልቅ ቡትሎደሩ ለገዥው የሚከፈት መሆን አለመሆኑንም አብሮ መጠየቅ ይቻላል፤ በጨረታው ሰነድ ላይ ከሁለት መስመር አይበልጥም።